ያልፈረምኩበት ዕዳ

ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ላይ ዋናውን ዲግሪዬን ለማውጣት ወደተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ስመረቅ የተሰጠኝ ጊዜያዊ ማስረጃ ነበር፤ ዋናውን ለማግኘት የወጪ መጋራት ዕዳዬን መክፈል ነበረብኝ። እኛ «ኮስት ሼሪንግ» ነው የምንለው። መስኮቱ ጋ የነበረችው ሠራተኛ ፋይሌን አውጥታ በየዓመቱ የሞላኋቸውን ቅጾች አንድ በአንድ አሳየችኝ። ምግብ፣ መኝታ፣ የትምህርት ድርሻ፤ ሁሉም እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል። ድምሩ ከጠበቅኩት በላይ ሆነብኝና ትንሽ ለመከራከር ሞከርኩ። እሷ ሳትቆጣ፣ «ወንድሜ፣ ፈርመህበታል እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በአምስቱም ዓመት ፈርሜያለሁ። ከፈልኩ፣ ደረሰኜን ተቀበልኩ፣ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን አገሬ ሳትከፍል ቀረች። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ለዓለም ገበያ የሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ ነበር። ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ፣ የመመለሻ ጊዜው 10 ዓመት። በታኅሣሥ 2016 መክፈል የነበረባት የግማሽ ዓመት ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቀኑ አለፈ፤ ተጨማሪው የሁለት ሳምንት ጊዜም አለፈ። መንግሥት የሰጠው ምክንያት ሁሉንም አበዳሪዎች በእኩል ዓይን ለማየት ነው የሚል ነበር። ዜናውን ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ሳነብ ደረሰኙ ገና ኪሴ ውስጥ ነበር። ያኔ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። የኔ ዕዳ ዕዳ የሆነው ስለፈረምኩበት ነው። የአገሪቱ ዕዳስ በኔ ላይ ዕዳ የሚሆነው በምንድን ነው?

ያ ቦንድ ሲሸጥ እኔ 10ኛ ክፍል ነበርኩ። የመምረጥ ዕድሜ አልደረስኩም። «ያንተ ወላጆች መርጠዋል፣ ተወካዮቻቸው ፈርመዋል» የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ። ግን በዚያን ጊዜ የነበረውን ምክር ቤት አስታውሱት። ከ547 መቀመጫዎች 545ቱ በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ እጅ ነበሩ። ተቃዋሚ አንድ፣ የግል ተመራጭ አንድ። እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ እጅ ወጣ ማለት ምን ማለት ነው? ሕጋዊ ነው፤ ፊርማም አለው። ነገር ግን «ይሄ ብድር ባይሳካስ?» ብሎ ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው በሌለበት የተሰጠ ፈቃድ ነው።

የሚገርመው፣ ያንን ጥያቄ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ፤ መልስም አግኝተዋል። ቦንዱን ለሚገዙት ባለሀብቶች ከ100 ገጽ በላይ የሆነ ሰነድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። በውስጡ ድርቅና ረሃብ ሊመጣ እንደሚችል፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሊያገረሽ እንደሚችል፣ ምርጫው ውጥረት ሊያመጣ እንደሚችል ተጽፏል። አበዳሪው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አገሪቱ ምን ሊያጋጥማት እንደሚችል በዝርዝር ተነግሮታል ማለት ነው። ለተበዳሪው፣ ማለትም ለእኛ፣ የተነገረን ገንዘቡ ለስኳር፣ ለኢንዱስትሪ ፓርክና ለኤሌክትሪክ ሥራ እንደሚውል ነበር። ስኳር ወደ ውጭ እንልካለን ተብሎ በታቀደበት ዘመን ማግስት ሰፈሬ ያለው የሸማቾች ሱቅ ስኳር በኩፖን ያከፋፍል ነበር፤ ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ተሰልፌ ነው ያየሁት።

*

በአማርኛ ነገሩ ቀላል ነው ለማለት «ዕዳው ገብስ ነው» እንላለን። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጣጣ ሲወድቅብን ደግሞ «ዕዳ ከሜዳ» እንላለን። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት የዕዳው ትልቅነት ብቻ አይመስለኝም። በመጀመሪያው ባለዕዳው ምን እንደተበደረ ያውቃል፤ በምን እንደሚከፍልም ያውቃል፤ ማሳው ላይ ገብሱ ይታየዋል። በሁለተኛው ግን ስሙ ተጠርቶ «ክፈል» ሲባል ነው የሚሰማው። ባለሥልጣኖቻችን ስለ አገር ዕዳ ሲናገሩ «ከአገራዊ ምርቱ አንጻር ሲታይ ብዙ አይደለም» ይሉናል፤ ገብስ ነው እያሉን ነው። ሕዝቡ የሚሰማው ዕዳ ከሜዳ ነው። ሁለቱም ወገን አልዋሸ ይሆናል። የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

እቁብ የገባ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። እጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ዋስ ይጠራል። ዋሱ በአካል ቀርቦ ይፈርማል፤ ስንት እንደሆነም ያውቃል። ዳኛው «ያንተ ጎረቤት ስለሆነ ዋሱ አንተ ነህ» ብሎ በሌለበት አይመዘግበውም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይሄንኑ ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ አንቀጽ 1922 ዋስትና በግምት እንደማይወሰድ፣ በግልጽ መሰጠት እንዳለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተጻፈ ደግሞ ዋስትናው ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ሕግ አውጪው ለአንድ ጎረቤት እንዲህ ተጠንቅቆለታል። የመንግሥት ብድር ላይ ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው በግምት ዋስ ይሆናል፤ ጣሪያው ስንት እንደሆነም አይነገረውም።

እዚህ ላይ ቆሜ «እንግዲያው አልፈረምኩም፣ አይመለከተኝም» ብል ደስ ይለኝ ነበር። ለጥቂት ሳምንታት እንዲያውም እንደዚያ ነበር የማስበው፤ ቢሮ ውስጥም በምሳ ሰዓት እንደዚያ ነበር የምከራከረው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው ያስቆመኝ። «ላፕቶፕህን በምን ቻርጅ አደረግከው?» አለኝ።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም መልስ አልነበረኝም። ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከወጪው ከፊሉ በቻይና ባንክ ብድር የተሸፈነ ነው። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲም ከእኔ ጥቂት ዓመታት በፊት አልነበረም። በአገሪቱ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ብቻ ከነበረበት ጊዜ ተነስተን ከ40 በላይ የደረስነው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው፤ ይሄ ያለ ብድርና ያለ እርዳታ የሚሆን አልነበረም። ብድሩን አልፈረምኩም፤ መብራቱን ግን አብርቻለሁ። ዲግሪውንም ይዣለሁ።

ይሄ ክርክር ከኛ በፊት ብዙ ሰው ያደከመ ነው። በ1789 እ.ኤ.አ. ቶማስ ጄፈርሰን ከፓሪስ ለጓደኛው ለጄምስ ማዲሰን በጻፈው ደብዳቤ ምድር የሕያዋን ናት ብሎ ተከራከረ፤ አንድ ትውልድ የሚቀጥለውን በዕዳ ማሰር አይችልም። እንደ መሐንዲስ ቁጭ ብሎም አሰላው፤ የዕድሜ ሠንጠረዥ አይቶ፣ ከ19 ዓመት በላይ የሚቆይ ዕዳ ፍትሐዊ አይደለም የሚል ውጤት ላይ ደረሰ። ማዲሰን በማግሥቱ ዓመት ሲመልስለት ነገሩን ገለበጠው። ሙታን የሠሩት ልማትም በሕያዋን ላይ ዕዳ ነው፤ ጥቅሙን የሚያገኝ ሰው ክፍያውን «የኔ አይደለም» ማለት አይችልም አለ። የኔ ባልደረባ ማዲሰንን አንብቦ አያውቅም፤ ግን በቻርጀር ያለው ይሄንኑ ነው።

የሁለቱን ክርክር ይዤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲን ባቡር አሰብኩት። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው ወጪ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የመክፈያ ጊዜው ከ10 ዓመት ወደ 30 እንደተራዘመ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከቤጂንግ ሲመለሱ ተናገሩ። እንደ ድል ነበር የተነገረው፤ ለዚያን ጊዜው ካዝናም እፎይታ ነበር። በጄፈርሰን ስሌት ግን የተጨመረው 20 ዓመት ብቻውን ከአንድ ትውልድ ያልፋል። መጨረሻውን የሚከፍለው ሰው በዚያን ቀን ገና አልተወለደም። ማዲሰን ቢሆን «ባቡሩ ያን ጊዜም እየሄደ ከሆነ ችግር የለውም» ይለን ነበር። ስለዚህ ቁም ነገሩ ባቡሩ ያን ጊዜ ይሄዳል ወይ የሚለው ነው። ይሄን ደግሞ ዕቃው ሲጫንና ሂሳቡ ሲወራረድ የሚያየው ሰው ካልነገረን ልናውቅ አንችልም።

ምንም ጥቅም ያልሰጠ ዕዳም አይተናል። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት በብድር ያስገባው የጦር መሣሪያ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሂሳብ ጥሎ አለፈ። መሣሪያው የተተኮሰው በአብዛኛው በገዛ አገሩ ሰዎች ላይ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ዕዳው አልወደቀም፤ ሲተኮስበት የኖረው ሕዝብ ወረሰው። ሩሲያ አብዛኛውን እስክትሰርዘው ድረስ በስማችን ተመዝግቦ ነበር። አሌክሳንደር ሳክ የሚባል ሩሲያዊ የሕግ ሰው በ1927 እ.ኤ.አ. ያለ ሕዝብ ፈቃድ የተወሰደ፣ ለሕዝብ ያልጠቀመ፣ አበዳሪውም ይሄን እያወቀ የሰጠው ብድር የአምባገነኑ የግል ዕዳ እንጂ የአገር ዕዳ አይደለም ብሎ ጽፏል። ሐሳቡ ያምራል። የዓለም ፍርድ ቤቶች ግን አልተቀበሉትም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ብድር እንደ ደርግ መሣሪያ ጥቁር፣ እንደ ጊቤ መብራትም ነጭ አይደለም። አንዱ የስኳር ፋብሪካ ያመርታል፤ ሌላው ዝጓል። የሁለቱም ሂሳብ በአንድ ወረቀት ላይ ይመጣል።

*

እናቴ መምህርት ናት። ባለፈው ክረምት ቤት ሄጄ ሳለ ሰነዶቿን የምታስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈተችና ከልደት ካርዳችን በታች አንድ የቦንድ ወረቀት አወጣች። የሕዳሴው ግድብ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ሲጀመር የገዛችው የ1,000 ብር ቦንድ ነው። ጊዜው ቢደርስም አላወጣችውም።

«እማዬ፣ ለምን አልተቀበልሽም?» አልኳት።

«ልጄ፣ ለግድቡ ብዬ ነው የሰጠሁት። ግድቡ ደግሞ ይታያል» አለችኝ።

በዚያ ሰሞን ሁሉም በፈቃዱ ነው የሰጠው ማለት አልችልም። የወር ደመወዝ በ12 ወር ተከፋፍሎ ሲቆረጥ እሷ ራሷ «እምቢ የሚል አልነበረም» ነው የምትለው፤ ይሄን አባባል እንደፈለጋችሁ መተርጎም ትችላላችሁ። ቢሆንም እናቴ ምን እንደሰጠች ታውቃለች፣ ለምን እንደሰጠችም ታውቃለች፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብላ አይታዋለች። ስለዚህ የሕዝብ ምሬት «ለምን እከፍላለሁ» የሚል ስስት ነው የሚሉትን አላምናቸውም። እናቴ ካልበረከተ ደመወዝ ላይ ሰጥታ አልተማረረችም።

ያበሳጨኝ ሂሳቡን ስሠራው ነው። በ2003 ዓ.ም. አንድ ዶላር ወደ 17 ብር ነበር፤ የእናቴ 1,000 ብር 59 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ በዓመቱ ከ130 በላይ ነበር። ወለዱን ትተን ዋናውን ብቻ ካየነው የእናቴ ብድር ዛሬ 8 ዶላር አይሞላም። በመሃል በ2014 ዓ.ም. ብቻ ዋጋ ከ30 በመቶ በላይ ንሯል። በሌላ በኩል ዩሮቦንዱን አስቡት። ሲሸጥ ዶላር 20 ብር ገደማ ስለነበር 1 ቢሊዮኑ 20 ቢሊዮን ብር ነበር። ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ ያው አንድ ቢሊዮን ዶላር ከ130 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ። የውጭ አበዳሪው ዕዳ በብር ሲታሰብ ስድስት እጥፍ አደገ፤ የእናቴ ዕዳ በዶላር ሲታሰብ ወደ ሰባተኛው ወረደ።

የውጭ አበዳሪዎች ኮሚቴ አላቸው። መንግሥታቱ በፈረንሳይና በቻይና ሊቀመንበርነት ተሰብስበው ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ተደራድረዋል፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ አከፋፈል ላይ በመርህ ደረጃ ተስማምተዋል። ቦንድ የያዙት ባለሀብቶችም ጠበቆችና አማካሪዎች አሏቸው። እናቴ ያላት የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ለእሷ የተላከ ደብዳቤ የለም፣ «የሰጠሽው ዋጋው ሊቀንስ ነው፣ ምን ይመስልሻል?» ብሎ የጠየቃት የለም። ምንዛሪውን መልቀቅ ስህተት ነበር እያልኩ አይደለም፤ ምናልባት ሌላ መንገድ አልነበረም። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር የተፈቀደው በዚያው ቀን ነው፤ ያለዚያ ዕርምጃም አይገኝም ነበር። የምለው፣ እናቴ የመንግሥት አበዳሪም የመንግሥት ዕዳ ከፋይም ሆና ሳለ በሁለቱም በኩል ያልተጠየቀች ብቸኛ ወገን መሆኗን ነው።

*

ጎረቤታችን ኬንያ በተመሳሳይ ዓመት፣ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ የመጀመሪያውን ዩሮቦንዷን ሸጣ ነበር። የኛ ሲቀር የእሷ ተከፈለ። ለዚያ እንዲረዳት በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ሌላ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች፤ ወለዱ 9.75 በመቶ ነው። ቀሪውን ከሕዝብ ለመሰብሰብ 346 ቢሊዮን ሽልንግ ያስገኛል የተባለ የግብር ረቂቅ ቀረበ። ዳቦ ላይ ሳይቀር ታክስ ነበረበት። የድሮው ቦንድ ዕዳ ተከፍሎ በሚያልቅበት በዚያው ሰኔ ወጣቶች ናይሮቢን ሞሏት፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ምክር ቤቱ ውስጥ ገቡ። በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። በማግሥቱ ፕሬዚዳንት ሩቶ ረቂቁን አልፈርምም አሉ።

እንደ ሶፍትዌር ሠሪ ዓይኔን የያዘው ከሰልፉ በፊት የሆነው ነገር ነው። የናይሮቢ ልጆች ያንን ረጅም ረቂቅ ሕግ ወደየቋንቋቸው ተረጎሙት፤ በቲክቶክ አንቀጽ በአንቀጽ አነበቡት፤ አንዱ ደግሞ ስለ ረቂቁ ለሚጠየቀው ሁሉ የሚመልስ ቻትቦት ሠራ። ጎዳና የወጡት ካነበቡ በኋላ ነው። ከግብሩ ቀጥሎ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱም የአገሪቱ ዕዳ ይመርመር፣ ማን ምን እንደተበደረና የት እንደገባ ይታወቅ የሚል ነበር። ሩቶ የምርመራ ቡድን አቋቋምኩ አሉ፤ ፍርድ ቤት አገደው። ጥያቄው እንዳለ ነው።

ኢትዮጵያ አልከፈለችም፣ ኬንያ ከፈለች። ኢኮኖሚስቶች የቱ ይሻላል ብለው ይከራከሩ። ከዜጋው ወንበር ስታዩት ግን ሁለቱም ውሳኔዎች አንድ ናቸው፤ በሁለቱም አገር ተራው ሰው ጉዳዩን የሰማው ሂሳቡ ሲመጣ ነው።

በኛ ሰፈር የዚህ ምሬት መልክ ሰልፍ አይደለም፤ ትከሻ መነቅነቅ ነው። «ማንም ቢመጣ ያው ነው።» «ፖለቲካ ምናምን ተወው።» ለዓመታት እኔም እንደዚህ ስል ነበር፤ ብልህነትም ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ተስፋ መቁረጣችን ለፈራሚው የተሰጠ ሌላ ብድር ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ስመርጥ ብዙ ሰዓት ተሰልፌያለሁ። ኢትዮጵያ ዕዳዋ በቡድን 20 አሠራር እንዲሸጋሸግላት እንደምትጠይቅ ያስታወቀችው ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብላ ነው። ዜናው ወጥቷል፣ የተደበቀ አልነበረም። እኔ ግን ከእጩዎቹ አንዱ እንኳን ስለዚህ ነገር ምን እንደሚያስብ አልጠየቅኩም። በሰልፉ ላይ ያነሳው ሰውም አላስታውስም። ያልተጠየቅነው እኛ፣ ያልጠየቅነውም እኛ ነን።

በሙያችን «ቴክኒካል ዴት» የሚባል ነገር አለ። ቶሎ ለማድረስ ሲባል በችኮላ የተጻፈ ኮድ በኋላ ወለዱን ያስከፍላል። የጻፈው ሰው በዚያን ጊዜ ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቷል፤ ሌሊት የሚቀሰቀሰው አዲሱ ልጅ ነው። ግን ቢያንስ አንድ ነገር አለን። «ጊት ብሌም» የሚባል ትእዛዝ ስንጽፍ እያንዳንዱን መስመር ማን፣ መቼ እንደጻፈው ይወጣል። ስሙ «ውቀሳ» ቢሆንም ሰው ለመስደብ አንጠቀምበትም። ደውለን «ለምን እንዲህ ወሰንክ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ብዙ ጊዜ አጥጋቢ ምክንያት ነበረው። እንዲህ ያለ ዕዳ ከባድ ቢሆንም አያስመርርም። የሚያስመርረው ባለቤት የሌለው ነው።

የአገራችን ዕዳ ጨርሶ ያልተመዘገበ አይደለም። የገንዘብ ሚኒስቴር የመንግሥት ዕዳ መግለጫ በየጊዜው ያወጣል፤ ድረ ገጹ ላይ በፒዲኤፍ ይገኛል። ከደረሰኜ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። ሥራው የተጠነቀቀ ነው፣ ሠንጠረዡም ብዙ ነው። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አበዳሪው እንዲያነበው ታስቦ ከሆነ ትክክል ነው። የሚከፍለው ሰው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ነው የሚቆጥረው። ስንት እንደሆነ ይነግራል፤ ይሄኛው ፋብሪካ ለምን እንዳልተጠናቀቀ፣ ውሉን ማን እንደተቀበለው፣ ያ ሰው አሁን የት እንዳለ አይነግርም። በ1996 ዓ.ም. የድሃ አገሮች የዕዳ ስረዛ ፕሮግራምን ጨርሰን ብዙ ዕዳ ተሰርዞልን ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የውጭ ዕዳችን ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች ወርዶ እንደነበር ሳነብ ደነገጥኩ። ከይቅርታው 20 ዓመት ሳይሞላ ከ28 ቢሊዮን በላይ ይዘን ወለድ ሳንከፍል ቀረን። በዚያ መሃል ብዙ መልካም ነገር ተሠርቷል፣ ብዙ ነገርም ጠፍቷል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚነግረን ሰው ግን እስካሁን አልመጣም።

*

በድሮው የአገራችን ፍርድ ቁራኛ የሚባል ሥርዓት ነበር። አበዳሪና ተበዳሪ፣ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፣ ጉዳያቸው እስኪያልቅ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰራሉ፤ ቀላል ነገር ከሆነ ነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ይቋጠራል። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። አገራችንን የጎበኙ ተጓዦች እየተገረሙ ጽፈውታል። ጭካኔ ነበረበት፤ ድሃው መክፈል ካቃተው ሰንሰለቱ አይፈታለትም። እንዲመለስ አልመኝም። አንድ ነገር ግን ገብቷቸው ነበር፤ ዕዳ ሁለት ጫፍ አለው። የያዘህ ሰው አንተን ትቶ መሄድ አይችልም።

ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ከዚህ የተሻለ አይደለም። የአገሪቱ ዕዳ የኔም ነው፤ ምክንያቱም መብራቱን አብርቻለሁ፣ መንገዱን ሄጄበታለሁ፣ አልከፍልም ብልም የሚጎዳው ከኔ የባሰ ድሃ ነው። ነገር ግን እኔን በዚህ ጫፍ ያሰረ ሰንሰለት በስሜ የፈረመውን ሰው በዚያኛው ጫፍ ማሰር አለበት። ሥልጣን ሲለቅ የሚፈታ መሆን የለበትም። ከመበደሩ በፊት ለአበዳሪው የነገረውን ያህል ለኔም ሊነግረኝ፣ ከተበደረም በኋላ የሆነውን በምሰማው ቋንቋ ሊነግረኝ ይገባል። ይሄ ሲጎድል እከፍል ይሆናል፣ ያስከፍሉኝም ይሆናል፤ ባለዕዳ ግን አልባልም፣ ገባር እንጂ። ሥርዓቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ቃሉ አፋችን ላይ ቀርቷል። አንድን ሰው ዓይናችንን ሳንነቅል ስንጠብቀው «በዓይነ ቁራኛ» እንላለን። በአምስት ዓመት አንዴ መሰለፍ ይሄን አይተካም።

ያንን የእንግሊዝኛ መግለጫ ይዤ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ለእናቴ በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፍኩላት። ከማን እንደተበደርን፣ ስንት፣ በምን ወለድ፣ ለምን ሥራ። መነጽሯን አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችው፤ የተማሪ ወረቀት እንደምታርም በጣቷ እየተከተለች። የስኳር ፋብሪካዎቹ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይሄን የፈረመው ማነው?» አለችኝ።

ወረቀቱ ላይ አልነበረም።